እንግሊዝኛን በባሕር ጠረፍ ከተማ መማር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚነሱ የምርጫ ንጽጽር

ክረምት ሲቃረብ በድሬዳዋ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ደጋግሞ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጁ ከአገር ወጣ ብሎ፣ እንግሊዝኛ እየሰማ ጥቂት ቀን እንዲቆይ ብናደርገው የት ቢሄድ ይሻላል?» የሚል ነው። ጠያቂው ወላጅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ ጅቡቲን ይዞ ይመጣል፤ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ዱባይን። በባሕር ጠረፍ ያለ ከተማ ለቃላት ትምህርት በእርግጥ ይመቻል፤ ወደቡ፣ ገበያው፣ ጀልባው፣ ሆቴሉና ሙዚየሙ በአጭር ርቀት ውስጥ ስለሚገኙና ነዋሪው እንግዳ ማስተናገድ የለመደ ስለሆነ፣ ተማሪው በአንድ ቀን ውስጥ ከብዙ ዓይነት ሰው ጋር በብዙ ዓይነት ጉዳይ ለመነጋገር ዕድል ያገኛል። ችግሩ ለእኛ ቅርብ የሆነው ባሕር እንግሊዝኛ የሚነገርበት አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጅቡቲን፣ በርበራን፣ ሞምባሳንና ዱባይን፣ በአምስተኛነትም ከአገር ሳይወጡ በካርታ ላይ የሚደረገውን የወረቀት ጉዞ በአንድ ዓይነት መመዘኛ ይመዝናል። ዋጋ በብር አልጠቀስኩም፤ የብር ምንዛሬ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ለከርሞ አይሆንም፤ አማራጮቹ በውድነታቸው ያላቸው ቅደም ተከተል ግን አልተለወጠም።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ፣ ሻይ የሚሸጠው ሰው በምን ቋንቋ ይመልሳል የሚለው ነው። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ምን እንደሆነ ማወቅ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ ተማሪው ቃል የሚለምደው ዋጋ ሲጠይቅ፣ መንገድ ሲጠፋበት፣ ያላዘዘው ምግብ ሲቀርብለት ነውና፣ በእነዚህ ጊዜያት መልሱ በእንግሊዝኛ ካልመጣ ጉዞው ሽርሽር ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው የማምለጫ ቋንቋ የምለው ነው። የድሬዳዋ ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እያቀያየረ ሲናገር መስማት ብርቅ አይደለም። ይህ በሌላ ጊዜ ሀብት ነው፤ ለዚህ ዓላማ ግን እንቅፋት ይሆናል፤ በአቅራቢያችን ባሉት ወደቦች ከሦስቱ አንዱን የሚያውቅ ሰው አይጠፋምና፣ ሰውም ሲቸገር በሚቀለው ቋንቋ መናገሩ አይቀርም።

ሦስተኛው የቃላቱ ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በእንግሊዝኛ እጅግ የሚዘወተሩት 2000 ያህል የቃል ቤተሰቦች በአንድ ተራ ጽሑፍ ውስጥ ከአሥር ቃል ስምንቱን ያህል ይሸፍናሉ። «ላይትሃውስ»፣ ማለትም ለመርከብ አቅጣጫ የሚያሳየው የብርሃን ማማ፣ እንደ አንድ ቃል ከእነዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ «ጌት ኦፍ» ግን የተሠራው ከእነዚሁ ነው። እኛ ከአውቶቡስም፣ ከታክሲም፣ ከመርከብም፣ ከደጋም «ወረደ» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ከአውቶቡስና ከመርከብ ሲሆን «ጌት ኦፍ»፣ ከታክሲ ሲሆን «ጌት አውት»፣ ከደጋ ሲሆን «ጎ ዳውን» እያለ ይለያል። «ዳርቻ» የሚለው ቃላችንም እንዲሁ ቢያንስ አራት ቦታ ይከፈላል፤ የአገሩ የባሕር ጠረፍ «ኮስት»፣ ውኃና ምድር የሚገናኙበት «ሾር»፣ ሰው የሚዝናናበት አሸዋ ወይም ጠጠር «ቢች»፣ የወንዝ ሲሆን ደግሞ «ባንክ» ነው። የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ «ባንክ» እንጂ «ሾር» የለውም። (በነገራችን ላይ ባሕር ዳር የምንለው ከተማ የቆመው በሐይቅ ዳር ነው፤ አማርኛ በዚህ በኩል ለጋስ ነው።) እንግዲህ የምንፈልገው ከተማ ተማሪው እነዚህን ልዩነቶች በቀን አሥር ጊዜ እንዲጠቀምባቸው የሚያስገድደውን ነው።

አራተኛው ወጪ፣ ርቀትና ወቅት አንድ ላይ ናቸው። ረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍታችን ክረምት ነው፤ በዚያ ወቅት ደግሞ በጅቡቲ፣ በበርበራና በዱባይ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የድሬዳዋ ሰው ሙቀት አይበግረውም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከሆቴል ክፍሉ መውጣት ያልቻለ ተማሪ ከማን ጋር ያወራል?

ጅቡቲ

ቅርበቷ አያከራክርም። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው፤ ዛሬም 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በድሬዳዋ በኩል አልፎ ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል። በወጪ በኩል ከአራቱ ከተሞች የሚቀለው ይህ ጉዞ ነው።

በመጀመሪያው መመዘኛ ግን ትወድቃለች። ጅቡቲ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሥር ነበረች፤ የሥራ ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ፣ የመንገዱ ቋንቋዎች ደግሞ ሶማሊኛና አፋርኛ ናቸው። አማርኛም በገበያውና በምግብ ቤቱ ይሰማል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ደብተር ይዤ ወርጄ፣ በእንግሊዝኛ የጠየቅሁት ሁሉ በአማርኛ እየተመለሰልኝ፣ በሦስት ቀን የመዘገብኳቸው አዲስ ቃላት ሃያ አልሞሉም፤ ከእነሱም ግማሾቹ ፈረንሳይኛ ሆነው ተገኙ።

ፈረንሳይኛው ሌላም ጣጣ አለው። ከባቡሩ ጋር የገቡ ቃላት በድሬዳዋ ሰው አፍ ላይ አሁንም አሉ፤ ለገሀር፣ ሾፌር፣ ጋራዥ እንላለን። ጅቡቲ ይህን ልማድ ታጠናክረዋለች እንጂ አታርመውም። «ሾፌር» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የባለጸጋ የግል መኪና የሚነዳ ቅጥረኛን ብቻ ያመለክታል፤ የአውቶቡሱና የታክሲው «ድራይቨር» ነው። በፈረንሳይኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቤት «ሊብሬሪ» ሲባል፣ በእንግሊዝኛ «ላይብረሪ» መጽሐፍ የሚዋሱበት ቤት ነው። ከሁሉ የሚያስቀው የመርከብ መቆሚያው ነው፤ ፈረንሳዮች «ኬ» የሚሉትን እንግሊዞች በኪው፣ በዩ፣ በኤ እና በዋይ ጽፈው ሲያነቡት «ኪ» ይሉታል፤ ድምፁ ቁልፍ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ነው። ይህን በጆሮው ያልሰማ ተማሪ «ክዌይ» እያለ እስከ ዩኒቨርሲቲ ይዘልቃል።

ሆኖም ጅቡቲን ሙሉ በሙሉ አልሰርዛትም። ከአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በዚህ ወደብ ያልፋል፤ ከጭነቱ ጋር የሚመጣው የመርከብ ሰነድም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በጉምሩክና በጭነት ሥራ ላይ ላለ ሰው «ቢል ኦፍ ሌዲንግ» (የጭነት ማስረጃ)፣ «ማኒፌስት» (የጭነት ዝርዝር)፣ «ዲመሬጅ» (የመዘግየት ክፍያ) የሚሉት ቃላት ከነሥራቸው የሚታዩበት ቦታ ነው። እዚህም የለመድነው አነጋገር መታረም ይኖርበታል፤ እኛ «ትራንዚተር» የምንለውን ባለሙያ እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ክሊሪንግ ኤጀንት» ይለዋል፤ «ዲክላራሲዮን» የምንለውም «ዴክላሬሽን» ነው።

በርበራ

የበርበራ ጉዳይ አጭር ነው። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ የወጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሲመለስ ያመራው ወደ በርበራ ነበር፤ ከተማዋም በኋላ እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ድረስ የእንግሊዝ ሶማሊላንድ አስተዳደር መቀመጫ ነበረች። ከዚያ ዘመን የቀረው እንግሊዝኛ ዛሬ የሚገኘው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በንግድ ሰሌዳ ላይ ነው፤ መንገዱ የሶማሊኛ ነው። ሶማሊኛ የማይችል ተማሪ ከተማሩት ወጣቶች ጋር በእንግሊዝኛ ለመግባባት ይገደዳል፤ ሶማሊኛ የሚችል ግን አንድም ቃል ሳይጨምር ሊመለስ ይችላል። መንገዱ በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ አድርጎ በሐርጌሳ ያልፋል፤ ከመነሳት በፊት የጠረፉን ሁኔታና የጸጥታ ማሳሰቢያዎችን ማጣራት ያስፈልጋል። ለቃላት ብቻ ብሎ ይህን ያህል መንገድ መሄድን አልመክርም፤ ዘመድ ወይም ንግድ ኖሮት የሚሄድ ሰው ግን ደብተሩን ይያዝ።

ሞምባሳ

በኬንያ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ሁለቱም የሥራ ቋንቋዎች ናቸው። ሐቁን ለመናገር ሞምባሳ የስዋሂሊ አገር ናት፤ ነዋሪው ከጎረቤቱ ጋር የሚያወራው በእንግሊዝኛ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ስዋሂሊ አናውቅም፣ እነሱም አማርኛ አያውቁም፤ መካከላችን ላይ የሚቀረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። በማምለጫ ቋንቋ መመዘኛ ከአራቱ ከተሞች አንደኛ የሚያደርጋት ይህ ነው። በዚያ ላይ ኬንያዊው እንግሊዝኛን እንደ እኛው በትምህርት ቤት የተማረ ስለሆነ፣ አነጋገሩ ለእኛ ጆሮ ይቀርባል፤ ጀማሪ ተማሪ ከለንደን ሰው ንግግር ይልቅ የሞምባሳው ቶሎ ይገባዋል።

የከተማዋ አቀማመጥ ራሱ ትምህርት ነው። አሮጌው ከተማ በደሴት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከደሴቱ ለመውጣት በሰሜን በኩል የኒያሊ «ብሪጅ»፣ በምዕራብ በውኃው ላይ ተደልድሎ የተሠራውን የማኩፓ «ኮዝዌይ» በ2022 እ.ኤ.አ. የተካው ድልድይ፣ በደቡብ ደግሞ የሊኮኒ «ፌሪ» አሉ። ሦስቱንም በአማርኛ መሻገሪያ ልንላቸው እንችላለን፤ እዚያ ግን አንዱን በሌላው ስም የጠራ ሰው ወዳልፈለገው የከተማ ጫፍ ይወሰዳል። በፌሪው እግረኛ በነጻ ስለሚሻገር፣ ተማሪው ምንም ሳይከፍል እየተመላለሰ «ቦርድ» (መሳፈር)፣ «ክሮስ» (መሻገር)፣ «ኪው» (ሰልፍ)፣ «ራምፕ» (ተዳፋት መግቢያ) የሚሉትን ከነድርጊታቸው ሊለማመድ ይችላል።

«ታይድ»፣ ማለትም የባሕር መሙላትና መሸሽ፣ የሚለውን ቃል በድሬዳዋ ክፍል ውስጥ ለማስረዳት የሞከረ መምህር መከራውን ያውቀዋል። ሐይቆቻችን ለዓይን በሚታይ መጠን እንዲህ አያደርጉም፤ ደቻቱም ሲመጣ ሳይታሰብ ይመጣል እንጂ ሰዓት አይጠብቅም፤ ስለዚህ ተማሪው ቃሉን «ጎርፍ» ብሎ ይይዘዋል። በሞምባሳ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በከፍታና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። ጠዋት የዋኙበት ቦታ ከሰዓት በኋላ በእግር የሚኬድበት ሆኖ ሲገኝ፣ «ሃይ ታይድ» እና «ሎው ታይድ» ሁለተኛ አይረሱም። ውኃው በሸሸ ጊዜ ሞገዱን የሚሰብረው የኮራል ድንጋይ፣ እነሱ «ሪፍ» የሚሉት፣ ከሩቅ ይታያል፤ በሞገድና በታይድ መካከል ያለው ልዩነትም ያኔ ግልጽ ይሆናል።

ፖርቹጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩትና በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፎርት ጂሰስ ደግሞ ለሐረር ልጅ ልዩ ጥቅም አለው። በጀጎል ላደገ ሰው ግንብ፣ በርና ጠባብ መተላለፊያ አዲስ ነገር አይደሉም፤ «ዎል»፣ «ጌት»፣ «አሌይ» ሲባል ነገሩን ያውቀዋል፣ የሚጎድለው ስሙ ብቻ ነው። አስጎብኚውን አቋርጦ የእኛ ግንብ ከዚህ በምን እንደሚለይ ለማስረዳት የሞከረ ተማሪ፣ በስህተትም ቢሆን፣ በዚያች ሰዓት ከአንድ ወር የክፍል ትምህርት የበለጠ ተናግሯል።

ጉድለቶችም አሏት። የኬንያ እንግሊዝኛ የራሱ ልማድ አለው፤ የአውቶቡስ ማቆሚያን «ስቴጅ» ይሉታል፤ ይህ ሌላ አገር ሲባል የቲያትር መድረክ ነው። አነስተኛ ምግብ ቤትንም ልክ እንደ እኛ «ሆቴል» ስለሚሉት ይህ ስህተታችን እዚያ አይታረምም። ወጪውም ከጅቡቲ በብዙ ይበልጣል፤ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ሞምባሳ በአውሮፕላን መሄድ፣ ወይም ናይሮቢ ወርዶ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን ባቡር መያዝ ይቻላል። ጊዜ ካለ ባቡሩ ይሻላል፤ ትኬት፣ ሠረገላ፣ መቀመጫ ቁጥርና የሻንጣ ፍተሻ ሁሉ በእንግሊዝኛ ያልፋሉ። ወቅቱ ደግሞ ከእኛ ዕረፍት ጋር ይስማማል፤ ዋናው ዝናብ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ከዓመቱ ቀዝቀዝ የሚሉት ወራት ናቸው።

ዱባይ

በድሬዳዋው ታይዋን በሚባለው ገበያ ሱቅ ላለው ሰው ዱባይ ከናይሮቢ ይልቅ የምትታወቅ ከተማ ናት። የሥራ ቋንቋው ዓረብኛ ቢሆንም፣ ነዋሪው በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ስለሆነ ሕንዱ ከፊሊፒኖው፣ ፓኪስታኒው ከግብጹ የሚግባባበት ቋንቋ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው፤ ሰሌዳውም፣ የሜትሮው ማስታወቂያም በሁለቱ ቋንቋዎች ነው። በመጀመሪያው መመዘኛ ከሞምባሳ ትበልጣለች ማለት ይቻላል። ለጆሮ ግን ትከብዳለች፤ በአንድ ቀን አምስት ዓይነት አነጋገር የሰማ ጀማሪ የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል።

ቃላቱ የገበያና የአየር ማረፊያ ናቸው፤ «ሆልሴል»፣ «ኢንቮይስ»፣ «ሪፈንድ»፣ «ዋራንቲ»፣ «ካርጎ»። የባሕር ቃላት የሚገኙት በዋናነት በክሪኩ ዳር ነው፤ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የባሕር ገብ «ክሪክ» ይባላል፤ በላዩም አብራ የሚባሉት ትናንሽ ጀልባዎች በጥቂት ሳንቲም ሰው ያሻግራሉ፣ «ዳው» የሚባሉት የእንጨት መርከቦችም ጭነት ይዘው ይቆማሉ። በዴራ ሰፈር ሐበሻ ስለሚበዛ ማምለጫው ሰፊ ነው፤ ማረፊያን ከዚያ ራቅ አድርጎ መያዝ ይጠቅማል። ከአራቱ ውዱ ይህ ነው።

የወረቀት ጉዞ

አምስተኛውን አማራጭ ብዙዎች እንደ ማጽናኛ ያዩታል፤ እኔ ግን ከጅቡቲና ከበርበራ አስቀድመዋለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እንግሊዝኛ የሚነገርበት አንድ የባሕር ዳር ከተማ ይመረጣል፣ ካርታው በትልቁ ይታተማል፣ ከዚያም ተማሪዎቹ ለአራት ሳምንት በካርታው ላይ «ይኖራሉ»። እኔ ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል የምትርቀውን ብራይተንን እመርጣለሁ። በዚያ ከተማ በ1899 እ.ኤ.አ. የተከፈተው «ፒር» አለ፤ ይህም መርከብ ከሚራገፍበት «ኪ» የተለየ፣ በምሰሶ ቆሞ ወደ ባሕሩ የሚገባ መዝናኛ ነው። «ቢች» ሲባል አሸዋ ብቻ የሚመስለው ተማሪም የብራይተኑ ጠጠር መሆኑን ሲያይ «ፔብል» የሚለውን ቃል ይጨምራል። አንዱ ተማሪ የሆቴል ተቀባይ፣ ሌላው እንግዳ፣ ሦስተኛው ትኬት ቆራጭ እየሆነ በየሳምንቱ ሚና ይቀያየራል። አዲሱ ቃል በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ እንደገና ካልተነሳ እንደሚጠፋ መቁጠር ይገባል።

ለዚህ ሁለት የአካባቢ ድጋፎች አሉ። አንደኛው ሐረር ነው፤ ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል በእንግሊዝኛ የሚያስጎበኙ ባለሙያዎች አሉት፤ ለግማሽ ቀን አንዱን ይዞ፣ «አማርኛ አንችልም» ብሎ ተስማምቶ መዞር እውነተኛ የጉዞ ልምምድ ነው። አስጎብኚው መጀመሪያ ይስቃል፤ ከሸዋ በር እስከ መሐል ከተማ ሳይደርስ ግን ሁለቱም ይለምዱታል። ሁለተኛው የድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ነው፤ «ኮንቴይነር»፣ «ክሬን»፣ «ፎርክሊፍት»፣ «ዌይብሪጅ» (የመኪና ሚዛን) የሚሉትን በፈቃድ ገብቶ ለማየት ባሕር ማየት አያስፈልግም።

በሰንጠረዥ ሲታይ

| አማራጭ | በመንገድ የሚመጣው መልስ | የማምለጫ ቋንቋ | በብዛት የሚገኙት ቃላት | ወጪ | የሚመቸው ወቅት |
|---|---|---|---|---|---|
| ጅቡቲ | ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ፈረንሳይኛ | በጣም ብዙ | የወደብና የጉምሩክ ሰነድ | ዝቅተኛ | ከኅዳር እስከ የካቲት |
| በርበራ | ሶማሊኛ፣ ከተማሩት እንግሊዝኛ | ሶማሊኛ ለሚችል ብዙ | የወደብ፣ የመንገድ | መካከለኛ | ከኅዳር እስከ የካቲት |
| ሞምባሳ | ስዋሂሊ፣ ለእንግዳ እንግሊዝኛ | የለም ማለት ይቻላል | የጉዞ፣ የባሕር፣ የታሪክ ቦታ | ከፍተኛ | ከሐምሌ እስከ መስከረም |
| ዱባይ | በብዛት እንግሊዝኛ | አማርኛ በአንዳንድ ሰፈር | የገበያ፣ የአየር ማረፊያ | ከሁሉ የላቀ | ከኅዳር እስከ የካቲት |
| የወረቀት ጉዞ | ተማሪዎቹ እንደተስማሙት | በራስ ዲሲፕሊን የሚወሰን | እንደ ምርጫ | እጅግ ዝቅተኛ | ማንኛውም ጊዜ |

ለማን የትኛው?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለውና ወጪውን የሚችል ቤተሰብ ሞምባሳን ይምረጥ፤ ሰባት ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በፊት ግን የወረቀቱን ጉዞ በሞምባሳ ካርታ አንድ ወር ይሥራ። ያለ ዝግጅት የሄደ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በዝምታ ያሳልፋል፤ ሳምንቱ ደግሞ ከዚያ በኋላ አራት ቀን ብቻ ነው ያለው። ሁለትና ሦስት ልጆች ላሉትና ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ለሚበቃ ቤተሰብ የምመክረው ማንንም አለመላክን ነው፤ በዚያ ገንዘብ እጅግ በትንሹ ሁሉም ሐረር ከአስጎብኚ ጋር ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ።

ለንግድ ወደ ዱባይ መሄዱ የማይቀርለት ሰው ሌላ ከተማ አይፈልግ፤ ከመነሳቱ በፊት ስለ ዋጋ፣ ስለ ጥራትና ስለ መመለስ የሚነገሩ ሠላሳ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ይያዝ። የተነጠሉ ቃላት በድርድር መሐል አይመጡም። በጭነትና በጉምሩክ ሥራ ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ በደረቅ ወደቡ ሰነዶቹን ያንብብ፤ ጅቡቲን የሚያያት ከዚያ በኋላ፣ በቀዝቃዛው ወቅትና ከሚያውቀው ባለሙያ ጋር ይሁን። ፈረንሳይኛም ለመማር የሚያስብ ተማሪ ሁለቱን በአንድ ጉዞ አያደባልቅ፤ ጅቡቲን ለፈረንሳይኛው ይተውላት።

ሞምባሳን ለሐምሌ የሚያስብ ቤተሰብ ዝግጅቱን በየካቲት ቢጀምር ይሻላል፤ ፓስፖርት ጊዜ ይወስዳል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅም የወላጆቹ ስምምነት ሰነድ ያስፈልገዋል፣ የመግቢያ ፈቃድ ደንብም ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ከኤምባሲው መጠየቅ ይገባል። የወረቀቱ ጉዞ ካርታ ከግንቦት መጀመሪያ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።